«ሻምበሉ ኮሎኔሉን አዘዘው»፦ የጠፈር ጦር ማዕረግ በአማርኛ

እሁድ ከሰዓት ነው። ድሬ እንደ ልማዷ ትፋጃለች። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። የጎረቤቴ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣ። በጠፈር ላይ ስለሚዋጋ ጦር ልብ ወለድ እየጻፈ ነው። አንድ ገጽ ገለጠና «አቦ ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ» አለኝ። (ድሬ አንቱታ አታበዛም።) ገጹ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሻምበሉ ኮሎኔሉን 'ወታደሮችህን ይዘህ ውረድ' ብሎ አዘዘው።»

ሻምበል ኮሎኔልን ያዛል እንዴ? ልጁ ግን ነገሩን በደንብ ያውቀዋል። ያሳሳተው መዝገበ ቃላት ነው። «ካፒቴን» ብሎ ፈለገ፣ «ሻምበል» አገኘ።

በፈጠራ ታሪክ ውስጥ ያሉ የጠፈር ጦሮች ማዕረጋቸውን በአብዛኛው የሚወስዱት ከባህር ኃይል ነው። መንኮራኩሯ እንደ መርከብ ስለምትታይ ነው። በምድር ጦር ካፒቴን ሻምበል ነው፤ ከሻለቃ በታች። በባህር ኃይል ግን ካፒቴን ከኮሎኔል እኩል ነው። ከሱ በላይ ኮሞዶርና አድሚራሎች አሉ። በዚያ ላይ መርከብ የሚያዝ ሰው፣ ማዕረጉ ዝቅ ቢል እንኳ፣ እዚያች መርከብ ላይ «ካፒቴን» ይባላል። እንግዲህ አንዱ ቃል ማዕረግንም ሹመትንም ይሸከማል ማለት ነው። እኔ ብሆን እለያቸዋለሁ። ማዕረጉን «ካፒቴን» ብዬ እተወዋለሁ። ሹመቱን «የመንኮራኩሯ አዛዥ» እለዋለሁ። ያን ጊዜ አረፍተ ነገሩ ይስተካከላል፦ «አዛዡ ኮሎኔሉን 'ወታደሮችህን ይዘህ ውረድ' አለው።» ኮሎኔሉም ተሳፋሪ ነውና ይወርዳል።

ሌላም ወጥመድ አለ። «ሻለቃው ተደመሰሰ» ብላችሁ ብትጽፉ ማን ነው የሞተው? ሰውየው ነው ወይስ መላው ሻለቃ ጦር? ሻለቃም ሻምበልም የሰውም የክፍሉም ስም ናቸው። በዜና ላይ ከአውዱ ይገባናል። በልብ ወለድ ግን አንባቢው ገጸ ባህሪው የሞተ መስሎት ይደነግጣል። «ሻለቃ ጦሩ» ብሎ መለየት ይሻላል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። የኛ የማዕረግ ስሞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛዎቹ በቁጥር የተሠሩ ናቸው፤ አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ (ሺ አለቃ)። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18ን ያነበበ ሰው ያውቃቸዋል። ሙሴ የሾማቸውም የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች ነበሩ። ልጁ «መንኮራኩሬ ላይ ያሉት 12 ሰዎች ናቸው፤ መቶ አለቃ ልበለው?» ብሎ ተጨንቋል። አትጨነቅ አልኩት። ዛሬም መቶ አለቃ መቶ ሰው ቆጥሮ አይመራም። ቁጥሩ ከቃሉ ላይ ተራግፏል፣ ማዕረጉ ቀርቷል።

ሁለተኛዎቹ፣ በንጉሡ ዘመን የነበሩት፣ በቦታ የተሠሩ ናቸው። እነዚህ ለጠፈር የተፈጠሩ ይመስሉኛል። ፊታውራሪ ከፊት የሚቀድመው ነው። ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው፣ ደጃዝማች የደጁ አዝማች ናቸው። «አዝማች» ዘመተ ከሚለው የመጣ ነው፤ አዘመተ፣ አዝማች። በዘፈንም አዝማች አለን። እየተመለሰ የሚመጣው፣ ሌላው ሁሉ የሚቀበለው ስንኝ ነው። እስቲ አስቡት። አሳሿ መንኮራኩር ቀድማ ጨለማው ውስጥ ስትገባ አዛዧን «ፊታውራሪ» ብንለው ምን ይጎድለዋል? በሁለቱ ክንፍ የሚበሩትስ? ቃሉ ራሱ የውጊያውን አሰላለፍ ይስላል። በባህር ኃይሉ ማዕረግ «ሌተና ኮማንደር» ብትሉኝ እንዲህ ያለ ሥዕል አይታየኝም።

ከሐረር የጻፍሽልን እህታችን ያነሳሽው ነገር ልቤን ነክቶታል። «አምስት በር ባለው ጁገል (በሐረር ግንብ ውስጥ) ላደገ ሰው የደጅ አዝማች የትኛው በር ላይ ይቆማል?» ብለሻል። ደጁ የንጉሡ ደጅ ነው። ግን ላንቺ የሚሆን ሌላ ቃል አለኝ። አድሚራል የሚለው ከዐረብኛው «አሚር» የወጣ ነው፤ «የ… አዛዥ» ከሚል ሐረግ ተቆርጦ በአውሮፓ ቋንቋዎች ዞሮ ነው እንዲህ የሆነው። ሐረር፣ መሃል ላይ ግብፆች ከያዟት ጊዜ በቀር፣ እስከ 1879 ዓ.ም. በአሚሮች ነው የተዳደረችው። ስለዚህ በዚህ ልጅ ደብተር ውስጥ የከዋክብት ጦር የሚመራው ሰው የማዕረግ ስም ከናንተ ከተማ ገዢዎች ስም ጋር ሥሩ አንድ ነው። ይህን ስነግረው ልጁ ደብተሩን ዘግቶ ዝም አለ። ከዚያ እስክሪብቶውን አውጥቶ «አድሚራል» የሚለውን ሰረዘው። «አሚር» ብሎ ጻፈ።

ማዕረግ የሚለውም ከግዕዙ ዐርገ፣ ወጣ፣ ከፍ አለ፣ ከሚለው ነው። እርገትም ከዚያው ነው። ስለሱ ሌላ ቀን።

«ከላይ እስከ ታች ያለው ወታደር ሁሉ» ለማለት ምን ይሻላል ላላችሁት፣ ያለን ይበቃናል፤ «ከአለቃ እስከ ምንዝር»። ምንዝር ከመነዘረ ጋር ዘመድ ነው። ትልቁ ብር ሲመነዘር የሚወጣው ዝርዝር አለ አይደል? አለቃው ድፍኑ፣ ምንዝሩ ዝርዝሩ። በሰራዊት መጨረሻ ላይ የቆመውን ወታደር እንዲህ አጥርቶ የሚያሳይ ሌላ ቃል አላውቅም።

አንድ ቃል ግን አሁንም አስቸግሮናል። አሚሩ የሚመራቸው መንኮራኩሮች አንድ ላይ ምን ይባሉ? ልጁ «ጓድ» ብሏል። ለኔ ጓድ ሲባል ቶሎ የሚመጣብኝ የደርግ ስብሰባ ነው። «መንጋ» አይሆንም። «ሰልፍ» ትንሽ ይቀርባል፣ ግን ሰልፍ ይበተናል። ያላችሁን ወርውሩ፣ እሁድ ከዚራ ለልጁ ይዤለት እሄዳለሁ።