ዴድላይን ላይ "ባይ" ሲሉ ቀኑን ይጨምራል? ቃሉስ ከየት መጣ?

ሜሪ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አሜሪካ ለማስተርስ አመልክቼ ዛሬ ኢሜይል መጣልኝ፣ የቀሩ ዶክመንቶችሽን "ባይ ማርች 15" ላኪ፣ ዴድላይኑ ፈርም ነው ይላል። 15ን ይጨምራል ወይስ 14 ማታ ነው የሚዘጋው? ደግሞ ዴድ ሞት፣ ላይን መስመር፣ ከቀን ጋር ምን አገናኘው 😅

ቢኒ፦ 15ን ይጨምራል እህቴ። ባይ ሲሉ ከዛ ቀን አይለፍ ነው፣ ቀድመሽ ብትልኪ ደሞ የተሻለ። ፈርም ማለት አናራዝምም ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ግን መልስ ስንጽፍ ነው፣ "እስከ አርብ እልካለሁ" ለማለት አንቲል ፍራይዴይ እንላለን፣ እሱ አርብ እስኪደርስ ስልክላችሁ እቆያለሁ ይመስላል። ባይ ፍራይዴይ በይ።

የታሪክ ልጅ፦ መነሻው ይዘገንናል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጆርጂያ ውስጥ አንደርሰንቪል የሚባል የደቡቦቹ የምርኮኞች ካምፕ ነበር፣ በ1864 (በፈረንጅ) ነው የተከፈተው። ከትልቁ የግንድ አጥር 6 ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር ነበረ፣ እሱን የተሻገረ እስረኛ ማማ ላይ ያለው ዘብ ይተኩስበታል፣ እሱን ነው ዴድ ላይን ያሉት። 45,000 ያህል ምርኮኛ ገብቶ 13,000 ገደማ አልቋል፣ አብዛኛው በበሽታና በረሃብ። አዛዡ ሄንሪ ዊርዝም በ1865 ተሰቀለ። የጊዜ ገደብ ሆኖ የመጣው ኋላ ነው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ጋዜጠኞች ዜና ለማተሚያ የሚደርስበትን ሰዓት እንዲህ ማለት ጀመሩ።

ሄኖክ ዲሲ፦ ሰዓቱንም እዪ። 11፡59 ፒኤም ኢስተርን (የአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት) ካለ ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ለመቀየር 8 ሰዓት ጨምሪ።

ቢኒ፦ ሄንዬ ማርች 15 እናንተ ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍታችኋል እኮ፣ ልዩነቱ 7 ነው። ስለዚህ በኛ መጋቢት 7 ጠዋት 12፡59 ላይ ያበቃል። እስከዛ ግን አትጠብቂ፣ ኔትወርካችንን ታውቂዋለሽ።

ሜሪ፦ ተባረኩ። ችግሩ ትራንስክሪፕቴ ከሬጅስትራር ገና አልወጣም 😭

ሄኖክ ዲሲ፦ አሁኑኑ ጻፊላቸው፣ ካለፈ በኋላ ማንም አይሰማሽም። ኤክስቴንሽን ብለሽ አትጀምሪ፣ ኦፊሻሉ እስኪደርስ አንኦፊሻል ኮፒ ትቀበላላችሁ ወይ በያቸው፣ ብዙ ቦታ ለማመልከቻ ይቀበላሉ።