ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት የተለኩ የከፍታ ነጥቦች፦ ፍርግርግ ከመሥራት በፊት እንዴት ይቀነሱ?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ተነሥተን በጣርማበር ዋሻና በደብረ ሲና በኩል እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ፣ መኪና ጣሪያ ላይ በገጠምነው ጂፒኤስ በየሰከንዱ ከፍታ መዝግበናል። ከመንገዱ ግራና ቀኝም በእግር እየወጣንና እየወረድን በተሻለ መሣሪያ የለካናቸው ጥቂት መቶ ነጥቦች አሉ። ሁሉንም ወደ ዩቲኤም ዞን 37 (ቦታን በሜትር ወደሚገልጸው የካርታ መጋጠሚያ) ቀይሬ፣ በካርታ መሥሪያው ሶፍትዌር በጂኤምቲ «ሰርፌስ» ትእዛዝ የ100 ሜትር ፍርግርግ (በእኩል ርቀት የተደረደሩ የከፍታ ዋጋዎች) ስሠራ መንገዱ ካርታው ላይ እንደ እርከን ጎልቶ ወጣ፤ ዋሻው ባለበት ቦታ ደግሞ በአገሩ የሌለ ጉብታ በቀለ። ትእዛዙም በርካታ ነጥቦችን እንዳልተጠቀመባቸውና አስቀድሜ ላጣራቸው ይገባ እንደነበር የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። ፋይሉን ለማቅለል «ኦክ» በተባለው የጽሑፍ ፋይል ማቀነባበሪያ ከየአሥሩ መስመር አንዱን ብቻ ባስቀርም ውጤቱ ብዙም አልተሻሻለም። ስህተቴ የቱ ላይ ነው?

ምላሽ 1

ከየአሥሩ አንዱን ማስቀረት የነጥቦቹን ቁጥር ይቀንሳል እንጂ ሥርጭታቸውን አያስተካክልም። መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በየ11 ሜትሩ አንድ ነጥብ ይመዘገባል፤ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ለመግዛት መሣሪያውን ሳታጠፉ 40 ደቂቃ ቆማችሁ ከሆነ ግን 2,400 ነጥቦች አንድ ቦታ ላይ ይከመራሉ። በአሥር ሲካፈሉ አሁንም 240 ናቸው። በሌላ በኩል በእግር የደከማችሁባቸው ውድ ነጥቦች ከአሥር ዘጠኙ ተጣሉ። የሸዋ ሮቢት ገበሬ የሽንኩርት መደቡን ሲያሳሳ ከተጨናነቀው ይነቅላል እንጂ ብቻዋን የበቀለችውን አይነካትም።

ለዚህ ሥራ የተዘጋጁት የጂኤምቲ ትእዛዞች «ብሎክሚን» (አማካዩን የሚወስደው)፣ «ብሎክሚዲያን» (ሚዲያንን፣ ማለትም በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከለኛውን የሚወስደው) እና «ብሎክሞድ» (በብዛት የሚደጋገመውን የሚወስደው) ናቸው። አካባቢውን በእኩል ሕዋሳት ከፍለው፣ ነጥብ ካለበት ከእያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ነጥብ ብቻ ያወጣሉ፤ ባዶውን ሕዋስ ይዘሉታል። በትልቁ «አር» አማራጭ የሚሰጡት ወሰንና በ«አይ» የሚሰጡት የሕዋስ ስፋት በኋላ ለ«ሰርፌስ» ከሚሰጡት ጋር አንድ መሆን አለበት። ሕዋሳቱ ከፍርግርጉ መስመሮች አንጻር የት እንደሚቀመጡ የሚወስነውን ትንሹን «አር» በአንደኛው ትእዛዝ ከተጠቀሙ በሌላኛውም ይጠቀሙ፤ አለበለዚያ ሕዋሳቱ በግማሽ ስፋት ይንሸራተታሉ። ያዩት ማስጠንቀቂያም የመጣው «ሰርፌስ» በአንድ ሕዋስ ውስጥ ብዙ ነጥብ ሲያገኝ ለመሃሉ የሚቀርበውን አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን ስለሚተው ነው። የተያዘው ነጥብ የተበላሸው ከሆነ ካርታዎ በእርሱ ላይ ይቆማል።

እኔ በ«ብሎክሚን» እንዲጀምሩ እመክራለሁ።

ምላሽ 2

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ለዚህ መንገድ ግን «ብሎክሚን»ን አልመርጥም። ከ2,800 ሜትር በላይ ከሆነው ከደብረ ብርሃን አምባ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ ከጣርማበር በታች እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ፣ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ላይኛውና ታችኛው የመንገድ ክፍል አብረው ሊገኙ ይችላሉ። «ብሎክሚዲያን»ን ከ«ኪው» አማራጭ ጋር ቢጠቀሙ ሚዲያን የሆነውን ከፍታ ነጥቡ ራሱ ከነበረበት ቦታ ጋር ይሰጥዎታል፤ ያለ «ኪው» ግን የቦታው ሚዲያን ለብቻው፣ የከፍታው ሚዲያን ለብቻው ስለሚሰላ ሁለቱ ላይገናኙ ይችላሉ። ውጤቱን ወደ ሕዋሱ መሃል የሚያዛውረውን «ሲ»ንም ገደል ላይ አይንኩት። ተዳፋቱ 30 በመቶ በሆነበት ቦታ ነጥቡን 40 ሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማዛወር 12 ሜትር የከፍታ ስህተት ነው።

ዋሻውን በተመለከተ ሚዲያንም አያድንዎትም። ሚዲያን የሚቋቋመው በሕዋሱ ውስጥ የተበላሹት ነጥቦች ከግማሽ ሲያንሱ ነው፤ ዋሻው ውስጥ ግን ጂፒኤሱ ሳተላይት ስለማያይ ተከታታይ ሕዋሳት በሙሉ በተበላሸ ንባብ የተሞሉ ናቸው። ንባቡ ትክክል ቢሆን እንኳ የዋሻውን ወለል እንጂ የተራራውን ገጽ አይነግረንም። ከመግቢያው እስከ መውጫው ያለውን በእጅዎ ይሰርዙት።

የመንገዱ እርከን ደግሞ ከነጥብ ብዛት ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ሁለቱ መሣሪያዎች ከፍታን ከአንድ መነሻ ይለካሉ? አንዱ ከባሕር ወለል፣ ሌላው ከኤሊፕሶይድ (የምድርን ቅርጽ ከሚወክለው ለስላሳ የሒሳብ ገጽ) ከሆነ ልዩነቱ በመንገዱ ላይ ተዘርግቶ ይታያል፤ የመኪናው ጣሪያ ከፍታም ሊቀነስ ይገባል። ነጥብ መቀነስ እንዲህ ያለውን መዛባት አያጠፋም፤ እንዲያውም አጥርቶ ያሳየዋል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በ«ብሎክሚን» የ«ኤስኤን» አማራጭ በየሕዋሱ ያለውን የነጥብ ቁጥር ሳወጣ ከፍተኛው እውነትም ደብረ ሲና ላይ ሆነ፤ የተባለው ቆሎ እኛንም አልማረንም። የእግሩ መሣሪያ ከባሕር ወለል፣ የመኪናው ደግሞ ከኤሊፕሶይድ ይለካ እንደነበር ከመሣሪያው ቅንብር አረጋገጥሁ። ይህን አስተካክዬ፣ የዋሻውን ሰርዤ፣ «ብሎክሚዲያን»ን በ«ኪው» ባስኬድ እርከኑም ጉብታውም ጠፍተዋል። አንድ ነገር ይቀረኛል፦ የእግሩ ነጥቦች የበለጠ ክብደት እንዲኖራቸው በአራተኛው ዓምድ የእያንዳንዱን ነጥብ ስህተት በሜትር ጽፌ በ«ደብልዩ» ባስገባ ትክክል ነው?

ምላሽ 2

እንዳለ ካስገቡት ተቃራኒውን ያገኛሉ። «ደብልዩ» አራተኛውን ዓምድ እንደ ክብደት ስለሚያነበው፣ 5 ሜትር የሚሳሳተው የመኪና ነጥብ ግማሽ ሜትር ከሚሳሳተው የእግር ነጥብ አሥር እጥፍ ይጎትታል። ከ«ደብልዩ» ቀጥሎ የመደመር ምልክትና «ኤስ» ይጨምሩ፤ ያን ጊዜ ቁጥሩን እንደ ስህተት ወስዶ ክብደቱን ከስህተቱ ግልባጭ ያሰላል።

«ሰርፌስ»ን ሲያስኬዱ ደግሞ የውጥረቱን መጠን (ገጹ በነጥቦች መካከል ምን ያህል ተወጥሮ እንደሚያልፍ የሚወስነውን) በ«ቲ» 0.35 ያድርጉት፤ ለገደላማ መልክዓ ምድር የሚመከረው እርሱ ነው። ነጥብ በሌለበት በኩልም ትእዛዙ ከራሱ ሞልቶ ስለሚሰጥዎት፣ ከማንኛውም ነጥብ ከ500 ሜትር በላይ የራቀውን በ«ጂአርዲማስክ» ሸፍነው ኮንቱሩን (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን መስመር) ከዚያ በኋላ ያውጡ።