የገጽ ይዘት ሲቀየር የፍለጋ ሞተሩ ለምን ዘግይቶ ያውቃል? የጀልባ ዋጋ ገጻችን ጉዳይ

የጀልባ ወደብ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ በሞተር ጀልባ ጎብኚዎችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ የምናደርስ ጥቂት ሰዎች በጋራ የምንጠቀምበት አነስተኛ ድረ ገጽ አለን፤ የማዘጋጀቱና የመከታተሉ ኃላፊነት የእኔ ነው። ገጾቹ በጠቅላላው ከአርባ አይበልጡም። ስለ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ስለ ክብራን ገብርኤል፣ ስለ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ስለ ናርጋ ሥላሴ እንዲሁም ስለ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚናገሩ ገጾች አሉ፤ ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ግን የጀልባ ኪራይ ዋጋና የመነሻ ሰዓት የሚገኝበት ገጽ ነው።

ነዳጅ ሲወደድ ኪራዩን ማስተካከል ግድ ይሆንብናል። አዲሱን ዋጋ ገጹ ላይ በዚያው ዕለት አስገባለሁ፤ ነገር ግን ሰው በጉግል ሲፈልገን ከርእሱ ሥር በሚወጣው አጭር ጽሑፍ ላይ የሚያነበው የድሮውን ዋጋ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቤተሰብ ወደቡ ላይ መጣ። ልጆቹ የመንሳፈፊያ ሰደርያቸውን ለብሰው ጀልባው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አባትየው ስልኩን ዘርግቶ «እናንተው የጻፋችሁት ዋጋ ይኸውና» አለ። ጀልባ ነጂያችን የሚመልሰው ቃል አጣ፤ በመጨረሻም በድሮው ዋጋ ወሰዳቸው። ሰውየው አልተሳሳተም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ለዚህ ነው ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የፈለግሁት።

እስካሁን ያደረግሁትን ልዘርዝር። ቶሎ ቶሎ የሚለወጥ ገጽ በፍለጋ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ይጎበኛል ሲባል ስለሰማሁ፣ በየገጹ ግርጌ «ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው» የሚለው ቀን በየሌሊቱ ራሱ እንዲቀየር አደረግሁ። በየሳምንቱም የአንዳንድ አንቀጾችን ቃላት አዛውራለሁ። ሳይትማፑ (የገጾቻችን አድራሻ ለፍለጋ ሞተር የሚዘረዘርበት ፋይል) ላይም የእያንዳንዱን ገጽ ቀን ያው ፕሮግራም በእኛ አቆጣጠር ያስገባል። ከጥቂት ወራት በፊት ደግሞ ድረ ገጹን በአዲስ መልክ ስናሠራ በላቲን ፊደል የነበሩትን የገጽ አድራሻዎች ሁሉ ወደ አማርኛ ለወጥኋቸው፤ «ባህር ዳር» ተብሎ የተጻፈውንም በሙሉ «ባሕር ዳር» ብዬ አረምሁ። ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው መከታተያ፣ በሰርች ኮንሶል፣ ገብቼ ገጹ ኢንዴክስ እንዲደረግ የሚጠይቀውን ቁልፍ በየቀኑ እጫናለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የፍለጋ ሞተሩ ጉብኝት የቀነሰ እንጂ የጨመረ አይመስለኝም። ስሕተቱ የቱ ላይ ነው?

ግሽ ዓባይ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን እንለይ። ጉግልቦት የሚባለው ጎብኚ ፕሮግራም ድረ ገጻችሁ ወዳለበት ኮምፒዩተር፣ ወደ ሰርቨራችሁ፣ መጥቶ ገጹን አንብቦ ይሄዳል፤ ይህ ጉብኝት ነው። ያነበበው ነገር ተመርምሮ ኢንዴክስ በሚባለው የጉግል መዝገብ ውስጥ መግባቱ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፤ የተጎበኘ ገጽ ሁሉ ይገባል ማለት አይደለም። ፈላጊው ሰው የሚያየው አጭር ጽሑፍ የሚወጣው ከዚያ ኢንዴክስ ነው። ስለዚህ እርስዎ ዛሬ ዋጋውን ቢቀይሩት፣ ጎብኚው እስኪመለስ ድረስ ጉግል ዘንድ ያለው ባለፈው ጊዜ የተወሰደው ቅጂ ብቻ ነው። ያ አባት ያነበበው ያንን ቅጂ ነው።

ጎብኚው መቼ ይመለሳል ለሚለው ጥያቄ ጉግል ራሱ የሚሰጠው ግምት ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት የሚደርስ ነው። ድሮ ከዚህ የባሰ ነበር፤ እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ ዋናው የኢንዴክስ ክፍል የሚታደሰው በየሁለት ሳምንቱ አካባቢ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ካፌን የተባለው አሠራር ከመጣ ወዲህ ግን እያንዳንዱ ገጽ እንደተነበበ በተናጠል ይገባል። አሁን የሚያዘገየው ራሱ የጉብኝቱ ተራ ነው። ተራው ደግሞ በአብዛኛው የሚወሰነው ገጹ ምን ያህል ተፈላጊ እንደሆነና ጎብኚው ባለፉት ምልልሶቹ ምን ያህል ለውጥ እንዳገኘበት ነው። በየጊዜው ሲመጣ በእርግጥ አዲስ ነገር የሚያገኝበትን ገጽ ቶሎ ይመለስበታል፤ ሲመጣ ያው የሆነበትን ደግሞ ያቆየዋል።

«ቶሎ ቶሎ መቀየር ይጠቅማል» የሚለው ወሬ የተሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ወሬው ከፊሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለውጡ የገጹ ዋና ይዘት ላይ መሆን አለበት። ጉግል ለሳይትማፕ ቀን ባወጣው መመሪያ ላይ ቁም ነገር ያለው ለውጥ የሚለው የዋናውን ጽሑፍ፣ የስትራክቸርድ ዳታን (ለማሽን ንባብ በተወሰነ መልክ የሚጻፈውን መረጃ) ወይም የሊንኮችን መለወጥ ሲሆን፣ ግርጌ ላይ ያለ የቅጂ መብት ዓመት መቀየር ከዚህ እንደማይቆጠር በግልጽ ጽፏል። ይዘቱ ሳይለወጥ ገጹ አዲስ እንዲመስል ቀን መቀየርንም አታድርጉ ከሚላቸው ነገሮች ውስጥ አስገብቶታል። በየሌሊቱ የሚያዞሩት ቀንና በየሳምንቱ የሚያዛውሯቸው ቃላት ስለዚህ ጥቅም የላቸውም።

እንዲያውም ጉዳት አላቸው። ጎብኚው ሲመጣ «ከዚህ ቀን ወዲህ ተለውጧል ወይ?» ብሎ ሰርቨሩን ሊጠይቅ ይችላል፤ ገጹ ካልተለወጠና ሰርቨሩ በአግባቡ ከተዋቀረ 304 የሚል አጭር መልስ ሰጥቶ ያሰናብተዋል፣ ገጹን እንደገና መላክ አያስፈልገውም። የእርስዎ ፕሮግራም ግን አርባውንም ገጽ በየሌሊቱ ስለሚነካ፣ ሰርቨሩ «አልተለወጠም» ብሎ በእውነት ሊመልስ የሚችልበት ቀን የለም። በእርግጥ የተለወጠው የዋጋ ገጽ፣ ለወጉ ብቻ ከተነኩት ሠላሳ ዘጠኝ ገጾች የሚለይበት ምልክት ጠፋ ማለት ነው። ያንን ፕሮግራም ዛሬውኑ ያጥፉት።

የጉብኝት በጀት የሚባለው፣ ማለትም ጉግል ለአንድ ድረ ገጽ የሚመድበው የጉብኝት መጠን፣ እንዳያስጨንቅዎ። እሱ በጉግል መመሪያ መሠረት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገጽ ላላቸው፣ ወይም ከ10,000 በላይ ሆነው በየቀኑ ለሚለዋወጡ ድረ ገጾች የተጻፈ ነው። ኢንዴክስ የሚጠየቅበትን ቁልፍ በየቀኑ መጫንም ተራውን አያስቀድምም፤ ለአንድ ለውጥ አንድ ጊዜ ይበቃል።

እስከዚያው ግን የወደቡን ጭቅጭቅ የሚያስቀር ነገር አለ። ዋጋው ያለበትን የገጹን ክፍል «ዳታ-ኖስኒፔት» በሚባለው ምልክት ይክበቡት። ያን ጊዜ ገጹ እንደተለመደው ኢንዴክስ ይደረጋል፤ ነገር ግን ዋጋው ከርእሱ ሥር በሚወጣው አጭር ጽሑፍ ላይ አይታይም፤ ሰውየው ዋጋውን ለማወቅ ገጹን መክፈት አለበት፣ ሲከፍት ደግሞ የዛሬውን ያገኛል። እርግጥ ምልክቱ ራሱ ሥራ የሚጀምረው ከሚቀጥለው ጉብኝት በኋላ ነው።

የዘጌ ቡና

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ እኔን ግን ያሳሰበኝ ጠያቂው እንደ ዋዛ ያለፉት አንድ ሐረግ ነው፦ የሳይትማፑ ቀን «በእኛ አቆጣጠር» የሚለው።

ሳይትማፕ የሚቀበለው የቀን አጻጻፍ ዓለም አቀፉ ነው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር። እስኪ አንድ ቀን ወስደን እንየው። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ዋጋ ቀየሩ እንበል፤ በፈረንጆቹ መስከረም 11 ቀን 2025 ማለት ነው። የእርስዎ ፕሮግራም ግን 2018-01-01 ብሎ ይጽፋል፤ የሚያነበው ማሽን ይህንን ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ብሎ ይረዳዋል። በዚያው ጠዋት የተለወጠው ገጽ ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የተነካ ሆኖ ይታያል ማለት ነው። እርስዎ «ና፣ ተለውጧል» ለማለት ያስገቡት ቀን «አትድከም፣ ከጥንት ጀምሮ እንዳለ ነው» ይላል።

ከዚህም የባሰ አለ። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ፣ ጥቅምት 30 ሲደርስ ፕሮግራሙ የሁለተኛውን ወር ሠላሳኛ ቀን ይጽፋል፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ ሠላሳ ቀን ኖሮት አያውቅም። ጳጉሜን ሲገባ ወሩ 13 ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ወር በዚያኛው አቆጣጠር የለም። በሰርች ኮንሶል የሳይትማፑን ገጽ ይክፈቱ፤ ቀኑ ልክ አይደለም የሚል ስሕተት ተመዝግቦ እንደሚያገኙት እጠብቃለሁ።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልዎ። ጉግል የሳይትማፕን ቀን የሚጠቀምበት ቀኑ በተከታታይ እውነተኛ ሆኖ ካገኘው ብቻ ነው፤ ካላመነው ጨርሶ ይተወዋል። ከጎኑ የሚጻፉትን የቅድሚያ ደረጃና የለውጥ ድግግሞሽ ደግሞ ከነጭራሹ አይመለከታቸውም፤ ስለዚህ በሳይትማፑ ላይ የጊዜ ምልክት ሆኖ የሚያገለግለው ይህ አንድ ቀን ብቻ ነው። ለሰው በሚታየው የገጹ ክፍል ላይ «መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.» ብሎ መጻፉ መልካም ነው፤ አንባቢያችን የሚያውቀው እሱን ነው። ማሽን በሚያነበው ሳይትማፕና ስትራክቸርድ ዳታ ውስጥ ግን የጎርጎርዮሱ ይግባ፤ የሚለወጠውም ይዘቱ በተለወጠ ቀን ብቻ ይሁን።

የቤዛዊት ጎረቤት

የአድራሻዎቹን ነገር ማንም አላነሣም። በአማርኛ መሆናቸው ችግር አይደለም፤ ጉግል ያነባቸዋል። አንዱ የግእዝ ፊደል በኮምፒዩተሩ ዘንድ ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ እያንዳንዱም ባይት አድራሻ ላይ በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ፣ «ጣና» የሚለው ባለ ሁለት ፊደል ቃል ተቀድቶ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ አሥራ ስምንት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ያም ቢሆን የውበት ጉዳይ ነው። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አድራሻዎቹን ሲለውጡ ከአሮጌው ወደ አዲሱ በ301፣ «ገጹ ለዘለቄታው ተዛውሯል» በሚለው የሰርቨር መልስ፣ አዛውረዋቸዋል? ካላዛወሩ አሮጌዎቹ 404 («ገጹ አልተገኘም») እየመለሱ ከኢንዴክስ እየወጡ ነው፤ በየአስጎብኚውና በየእንግዳ ማረፊያው ድረ ገጽ ላይ የነበሩ ሊንኮቻችሁም ወደ ባዶ እየመሩ ነው። አዲሶቹ ደግሞ ታሪክ የሌላቸው አዲስ ገጾች ሆነው ይቆጠራሉ፤ የጉብኝቱ መቀነስ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን አሮጌ አድራሻ ወደ አቻው ይምሩት፤ የናርጋው ወደ ናርጋ፣ የዳጋው ወደ ዳጋ። ሁሉንም ወደ መነሻ ገጹ መምራት እንደ ጠፋ ገጽ ሊያስቆጥር ስለሚችል አይጠቅምም። ማዛወሪያው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይቆይ።

ስለ «ባህር» እና «ባሕር»፦ እርማቱን እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ሀ እና ሐ በዩኒኮድ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደሎች መሆናቸውን ያስታውሱ፤ ብዙ ሰው ደግሞ ስልኩ ላይ ቀድሞ የመጣለትን ፊደል ነው የሚጽፈው። አንደኛውን አጻጻፍ ከአርባው ገጽ ጠራርጎ ማጥፋት ትልቅ የይዘት ለውጥ ነው። በርእሱ ላይ ትክክለኛው ይቆይ፤ ሌላው አጻጻፍ በዋናው ገጽ ላይ አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ አድራሻችሁ በተነገረበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ፣ ቢገባ አይከፋም።

የጀልባ ወደብ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሰርች ኮንሶልን ስከፍት የቀን ስሕተቱን እንደተባለው አገኘሁት፤ ለካ በጳጉሜን የገጾቹ ሁሉ ወር 13 ሆኖ ይጻፍ ነበር። ሌሊት የሚሠራውን ፕሮግራም አጥፍቼዋለሁ፤ የሳይትማፑንም ቀን በየገጹ እውነተኛ የለውጥ ቀን በጎርጎርዮስ አስተካክያለሁ። ማዛወሪያ አልነበረንም፤ ትናንት እስከ እኩለ ሌሊት ተቀምጬ ሠላሳ ሁለት አድራሻዎችን አንድ በአንድ ከአቻቸው ጋር አገናኘሁ። ዋጋውንም ከአጭሩ ጽሑፍ የሚያስቀረውን ምልክት አስገብቻለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ስለ ጢስ ዓባይ በየዓመቱ አዲስ ገጽ እንከፍታለን፤ ፏፏቴው ከክረምቱ ማብቂያ እስከ ጥቅምት ሲሞላ አንድ ሁኔታ፣ በበጋ ደግሞ ውኃው ሲቀንስ ሌላ ስለሆነ፣ እንግዳው ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ እንዲያውቅ ብለን ነው። ይህንንም እናቁም?

ግሽ ዓባይ

መረጃውን አያቁሙ፤ አዲስ አድራሻ መክፈቱን ግን ያቁሙ። አንድ ቋሚ ገጽ ይኑር፤ ወንዙ ሲሞላና ሲጎድል ዋናው ጽሑፍና ፎቶው ይለወጥ፣ የሳይትማፑም ቀን አብሮ ይለወጥ። ያለፉት ዓመታት ገጾች ወደዚሁ በ301 ይምጡ። በየዓመቱ አዲስ ሲከፍቱ ተመሳሳይ ገጾች ለአንድ ጥያቄ እርስ በርስ ይሻማሉ፤ ጉግል የበጋውን ገጽ በክረምት ለሚመጣ ሰው ሊያሳይ ይችላል። አንዱ ገጽ ግን በዓመት ውስጥ ደጋግሞ በእውነት የሚለወጥ ስለሚሆን፣ ከመጀመሪያው ሲፈልጉት የነበረው የምልልስ ልማድ የሚጀምረው ምናልባት ከእሱ ይሆናል። መጀመሪያ የውኃውን ሁኔታ የሚናገረውን ዐረፍተ ነገር ከገጹ አናት ላይ ያድርጉት፤ አሁን ያለው ከሥዕሎቹ ሁሉ በታች ነው።