«ያው ነው» ይባላል እንዴ? ስለ ኦዜምፒክና ማውንጃሮ ሐዋሳ ላይ የተነሳ ጭቅጭቅ

የአቶቴው ልጅ፦
ዛሬ ተናድጃለሁ፤ ታገሱኝ። የታላቅ እህቴን የሐኪም ማዘዣ ይዤ ሐዋሳ ውስጥ ሦስት መድኃኒት ቤት ዞርኩ። ማዘዣው ሴማግሉታይድ ይላል፤ ኦዜምፒክ ተብሎ የሚሸጠው የስኳርና የክብደት መርፌ። ሁለቱ ቤት የለም አሉኝ፤ እሺ። ሦስተኛው ቤት ያለው ልጅ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየና «ኦዜምፒክ አልቋል፤ ማውንጃሮ አለ፤ ያው ነው» አለኝ። ያው ነው! ስኳር አለባት ወይ አላለኝም። ከዚህ በፊት ምን ወስዳለች አላለኝም። ሸሚዝ ልገዛ የገባሁ መሰለኝ፤ ሰማያዊው ካለቀ አረንጓዴው አለ ዓይነት። መርፌ ላይ ያው ነው ይባላል?

ታቦር ስር፦
ምኑ ነው ያናደደህ? ውለታ ነው የዋለልህ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣውን ጥናት እየው። 751 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው 72 ሳምንት ተከታተሏቸው። ቲርዜፓታይድ፣ ማለትም የማውንጃሮው መድኃኒት የደረሳቸው በአማካይ ከክብደታቸው 20.2 በመቶ ቀነሱ። ሴማግሉታይድ የደረሳቸው 13.7። 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው ላይ ስንት ኪሎ ልዩነት እንደሆነ ራስህ አስላው። እህትህን እንኳን ደስ አለሽ በላት።

የአቶቴው ልጅ፦
20.2 እና 13.7 ያው ነው? ልጁን ልታግዝ መጥተህ አፈረስክበት እኮ። ይበልጣል ካልክ ያው አይደለም።

ታቦር ስር፦
የሚበልጥ ተሰጥቶህ ታለቅሳለህ ነው የምልህ።

ሲስተር በጡረታ፦
ልጆቼ፣ ቆይ ስሙኝ። ዕድሜዬን መርፌ ስወጋ የኖርኩ ነኝ። እኔን ያስደነገጠኝ የመጠኑ ነገር ነው። የሴማግሉታይድ መነሻው በሳምንት 0.25 ሚሊግራም ነው። በየ4 ሳምንቱ እያደገ ለክብደት ሲሆን በተለምዶ 2.4 ድረስ ይሄዳል። የቲርዜፓታይድ መነሻው ራሱ 2.5 ነው፤ ጣሪያው 15። እንግዲህ ማውንጃሮ 2.5 ስትወጋ የከረመች ሴት «ያው ነው» ተብላ ኦዜምፒክ ብትገዛና እዚያም 2.5 ልውጋ ብትልስ? የመነሻው 10 እጥፍ። ትውከቷ ፒያሳ ድረስ ይሰማል።

ታቦር ስር፦
ሲስተር በአክብሮት፣ የኦዜምፒክ ፔን፣ ያ እንደ እስክሪብቶ ያለው መወጊያ፣ በአንዴ 2.5 አይሰጥም። ቢያዞሩትም አይሄድም።

ሲስተር በጡረታ፦
ታዲያ ደግማ ትወጋዋለቻ! ሰው ታውቃለህ አንተ? የ3 ቀን መድኃኒት በአንድ ቀን ውጦ የሚመጣ ስንቱን አይቻለሁ።

ዲሲ ያለሁት፦
ለልጁ ትንሽ ፍትሕ ስጡት። ምናልባት ኦዜምፒክና ዌጎቪ ማለቱ ቢሆንስ? እነሱ ከሆኑ እውነቱን ነው። ሁለቱም ሴማግሉታይድ ናቸው፤ የኖቮ ኖርዲስክ ኩባንያ። እዚህ አሜሪካ ኦዜምፒክ እ.ኤ.አ. በ2017 ለስኳር፣ ዌጎቪ በ2021 ለክብደት ተፈቀደ። ማውንጃሮና ዜፕባውንድም እንደዚሁ የኤሊ ሊሊ ቲርዜፓታይድ ናቸው፤ 2022 ለስኳር፣ 2023 ለክብደት። ያው ነው የሚለው ቃል እዚያ ላይ ይሠራል።

የአቶቴው ልጅ፦
ዌጎቪ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። እኔ ነበርኩ፤ አንተ ዲሲ ነህ።

ዲሲ ያለሁት፦
ጀመረ ደግሞ። ውጭ ያለ ሰው ምንም አያውቅም።

ባለሳይክሉ፦
ሁላችሁም ትገርማላችሁ። ሐዋሳ የሚያህል ሜዳ ከተማ ላይ እየኖራችሁ መርፌ ትመርጣላችሁ። አያቶቻችን ማውንጃሮ ያውቁ ነበር? ጠዋት ተነሱ፣ ሳይክል ያዙ፣ በፍቅር ሐይቅ በኩል አሞራ ገደል ድረስ ሂዱ። ሥጋና ቅቤ ቀንሱ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በሥርዓቱ ጹሙ። ያኔ ሁለቱ መርፌዎች በእርግጥ ያው ይሆናሉ፤ አንዳቸውም አያስፈልጉም።

የናቲ እናት፦
ወንድም ባለሳይክሉ፣ እኔ ባለፈው ሁዳዴ 4 ኪሎ ጨምሬ ነው የወጣሁት። ሽሮ በዘይት፣ ፓስታ በዘይት፣ ሳምቡሳ፣ ዳቦ በሻይ። ጾም ለነፍስ ነው እንጂ ለወገብ አይደለም። ንስሐ አባቴም እንዲህ ነው ያሉኝ።

ባለሳይክሉ፦
ዘይቱን ማን አፈሰሰው? መርፌው ነው? ስንፍና ነው በአጭሩ። አሞራ ገደል ይሄ ሁሉ አሳ እያለ ፓስታ!

የናቲ እናት፦
በሁዳዴ አሳ ያልከኝ የየትኛው ደብር ቄስ ፈቅደውልህ ነው?

ባለሳይክሉ፦
አሳ ደም የለውም።

ታቦር ስር፦
አሳ ደም የለውም!!! ወይኔ የሐዋሳ ልጅ! አሞራ ገደል አሳ ሲበለት ቆመህ አይተህ አታውቅም?

ባለሳይክሉ፦
እንደ ሥጋ ደም የለውም ማለቴ ነው። ዘንድሮም በልቻለሁ፣ ለከርሞም እበላለሁ።

ሲስተር በጡረታ፦
አሳውን ለቄሶቹ ተዉት። ስንፍና የምትለዋን ቃል ግን አልወደድኳትም፣ ልጄ። ምግብ ስንበላ አንጀታችን ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ያወጣል። አንጎልን በቃኝ ያስብለዋል፤ ጨጓራም ቀስ ብሎ እንዲያወርድ ያደርጋል። ሴማግሉታይድ የዚህን ሆርሞን ሥራ ይሠራል። ቲርዜፓታይድ ጂአይፒ የሚባለውንም ደርቦ በሁለት በኩል ይሄዳል። አንዱ ሰው ግማሽ እንጀራ በልቶ ይነሳል፤ ሌላው ሦስት በልቶ ዓይኑ ሌማቱ ላይ ነው። ያ ሁሉ የጸባይ ጉዳይ አይደለም።

ባለሳይክሉ፦
እሺ ሲስተር። መርፌው ሲቆምስ? በዓመቱ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው የጨመሩ ሰዎች ጥናት ላይ አሉ። ሴማግሉታይድ ነበር የሚወስዱት። የእኔ ሳይክል ግን አይመልስም።

የናቲ እናት፦
ሳይክልህን ስታቆምም ይመለሳል እኮ።

15 ዓመት ከስኳር ጋር፦
እናንተ ትስቃላችሁ። ኦዜምፒክ መጀመሪያ ለእኔ ቢጤ ነው የወጣው። አሁን ለሠርግ ቀሚስ የሚከሳው ሁሉ ይሻማኛል። ባለፈው ወር እኔም አልቆብኝ የት አገኘዋለሁ እያልኩ ባጃጅ ተከራይቼ ስዞር ዋልኩ። ያው ነው የሚለውን እኔም ሰምቼዋለሁ። በእኔ ጊዜ የተሰጠኝ ግን ሌላ መርፌ ነበር፤ በየቀኑ የሚወጋ። እኔ በሳምንት አንዴ የለመድኩ ሰው። የሳምንትና የየቀኑም ያው ሆነ!

ታቦር ስር፦
ጋሼ፣ የእርስዎ ይገባኛል። ግን ወፍራምም ታማሚ ነው፤ ወረፋ አይከለከልም።

15 ዓመት ከስኳር ጋር፦
ማን ከለከለ? ለ3 ኪሎ ብሎ የሚወጋውን ነው የማወራው። ዌጎቪ እንኳ ሲፈቀድ የክብደትና የቁመት ስሌቱ 30 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም 27 ሆኖ ግፊት ወይም ስኳር የመሰለ ላለበት ነው የተባለው። ሠርግ የሚል የለበትም።

የአቶቴው ልጅ፦
እህቴ ለሠርግ አይደለም። ከ2 ዓመት በፊት ልቧ ታሞ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሐኪሙ ሴማግሉታይድ የጻፈላት ለዚያ ነው። ስኳር የሌለባቸው፣ ግን ወፍራምና የልብ ሕመም ያለባቸው 17,604 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክን፣ በልብ መሞትን አንድ ላይ 20 በመቶ ቀንሷል። ለኪሎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከታቦር ስር ጋር እስማማ ነበር።

ታቦር ስር፦
ይሄን ከመጀመሪያው ለምን አልነገርከንም?

የአቶቴው ልጅ፦
ልጁስ ጠየቀኝ? የማወራው ስለዚሁ እኮ ነው! አንተም ሳትጠይቅ 20.2 ብለህ መጣህ።

ታቦር ስር፦
እሺ፣ ቲርዜፓታይድም ለልብ ተፈትኗል። ስኳርም የልብና የደም ሥር ሕመምም ባለባቸው ሰዎች ላይ ዱላግሉታይድ ከሚባል ሌላ የስኳር መርፌ ጋር ገጥሞ አልተሸነፈም። ይሄም የ2025 ነው።

15 ዓመት ከስኳር ጋር፦
አልተሸነፈም! የሐዋሳ ከተማ ደጋፊ መሆንህ አሁን ገባኝ። አቻ ወጥተን ስንመጣ እንዲሁ ነው የምንለው። ደግሞ የአቶቴው ልጅ እህት ስኳር የለባትም፤ የሰው ጨዋታ ውጤት አታምጣ።

ዲሲ ያለሁት፦
በነገራችን ላይ 20.2 እና 13.7 ያልከውን ጥናት ወጪውን የቻለው ኤሊ ሊሊ ነው። የራሱ መድኃኒት ነው ያሸነፈው።

ታቦር ስር፦
የ17,604ቱን ሰዎች የልብ ጥናትስ ማን ቻለው? ኖቮ ኖርዲስክ አይደለም?

ዲሲ ያለሁት፦
ነው።

ታቦር ስር፦
እንግዲያው ያው ነው 😂

የአቶቴው ልጅ፦
ይቺን ቃል አንድ ሰው ድጋሚ ቢላት ከዚህ እወጣለሁ።

የአዳማው እንግዳ፦
ከአዳማ ሰላም ብያለሁ። የቱ ይሻላል ከማለታችሁ በፊት ፍሪጁን ጠይቁ። ሁለቱም ሳይጀመሩ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጡት። ኦዜምፒክ ከተጀመረ በኋላ ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ በአሜሪካው መመሪያ 56 ቀን ይቆያል። የአንድ ጊዜው የማውንጃሮ ፔን ከፍሪጅ ከወጣ 21 ቀን ብቻ። በረዶ ከሠራ ሁለቱም ይጣላሉ። አሁን ይሄ መርፌ በሰው ሻንጣ ነው የመጣው? መብራት ስንት ጊዜ ጠፋበት? እኛ ጋ በሙቀቱ ወር ፔን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠህ መብራት ሲሄድ ልጅህ የታመመ ያህል ነው የምትጨነቀው።

ባለሳይክሉ፦
አዳማ ላይ እኮ ሰውም ፍሪጅ ውስጥ ነው መቀመጥ ያለበት።

የአዳማው እንግዳ፦
ሐዋሳ በረዶ ይጥላል መሰለኝ። ሐይቅ አለን ብላችሁ አትኩሩ፤ ሶደሬ አለን።

ሲስተር በጡረታ፦
የሻንጣው ነገር እኔንም ያስፈራኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ስለ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የተገኘው ብራዚል፣ እንግሊዝና አሜሪካ ነው። እነሱ የተታለሉበትን እኛ በፌስታል ተቀብለን እንወጋለን። ሌላ ደግሞ ለወጣቶቹ ልንገራችሁ። ማውንጃሮ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያን ያዳክማል። ሲጀመርና መጠኑ በጨመረ ቁጥር ለ4 ሳምንት ሌላ መከላከያ መጨመር ነው። ሴማግሉታይድ ላይ ይሄ ማስጠንቀቂያ የለም። ያው ነው ተብላ የቀየረች ልጅ በ9 ወሯ ልዩነቱን ታቅፈዋለች።

የናቲ እናት፦
ኧረ ሲስተር! ሳቄን አመጡት። እኔ ኦዜምፒክ ነኝ፤ 14 ኪሎ ቀነስኩ። ከማቅለሽለሹ የከበደኝ ሰው ነው። ዕድር ላይ «ምነው? ምን ሆንሽ?» ያላለኝ የለም። አንዷማ እጄን ይዛ አለቀሰች። በእኛ አገር የከሳ ሰው ምን ተብሎ ይታማ እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። አሁን ሳልጠየቅ «በመርፌ ነው» እላለሁ። ያ ደግሞ ሌላ ወሬ ያመጣል።

15 ዓመት ከስኳር ጋር፦
የእኔ ሚስት እኔን በፎቶ አይታ ከሳህ ብላ ልብስ ሁለት ቁጥር ከፍ አድርጋ ትገዛልኛለች። ይሞላል ትላለች።

ሲስተር በጡረታ፦
ያው የሆኑበትም አለ፤ ፍትሐዊ ልሁን። እርጉዝ ሴት ሁለቱንም አትወስድም። ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር በዘሩ ያለበት ሰው ሁለቱንም አይነካም። ቆሽቱ ከዚህ በፊት የተቆጣ ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር እንዳይጀምር። ይሄን ግን የሚጠይቃችሁ ሰው ያስፈልጋል።

የአቶቴው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር። ለሐኪሟ ደውያለሁ። «እኔ ሳላየው እንዳትቀይሩ፤ አንድ ሳምንት ጠብቁ» ነው ያለኝ። እህቴ ደግሞ አንድ ሳምንት ስጠብቅ ዶሮ ወጡን ልብላ ብላለች። ሴማግሉታይድ በትክክል ፍሪጅ ውስጥ ያለበት ቤት የምታውቁ ጻፉልኝ።

ባለሳይክሉ፦
አሳ ይሻላታል።

የናቲ እናት፦
ዛሬ ጾም ነው አይደለም? ብቻ ጠይቄ ነው 😂

ታቦር ስር፦
አቶቴ፣ ያቺ ሦስተኛዋ መድኃኒት ቤት የቷ ናት? ማውንጃሮውን እህትህ ካልወሰደችው እኔ ልውሰደው። በውስጥ መስመር ላክልኝ።

የአቶቴው ልጅ፦
የሐኪም ማዘዣ አለህ?

ታቦር ስር፦
የእህትህ አለ አይደል? ያው ነው።