«በመንፈስ መመላለስ»፦ ሄዶ መምጣት ነው ወይስ መኖር?

የቃል ልጅ
ገላትያ ምዕራፍ 5 ላይ ተቀራራቢ አነጋገሮች አሉ። በ1954ቱ ትርጉም ቁጥር 16 «በመንፈስ ተመላለሱ»፣ ቁጥር 18 «በመንፈስ ብትመሩ»፣ ቁጥር 25 «በመንፈስ ብንኖር በመንፈስ ደግሞ እንመላለስ» ይላል። በዕለት ንግግራችን ግን መመላለስ ሄዶ መምጣት ነው፤ ለአንድ ማኅተም ቀበሌ እንደሚመላለሰው ባለጉዳይ። ታዲያ ለምን በቀላሉ «ኑሩ» አላለም? «መመራት»ስ ከዚህ በምን ይለያል?

ዘጎንደር
ባለጉዳዩን አይናቁት፤ ትርጉሙን የያዘው እሱ ነው። ግሱ ከ«መለሰ» ይወጣል። «ቀረበ» «ተቀራረበ» እንደሚሆነው፣ እዚህም መካከለኛው ፊደል ተደግሞ «ተመላለሰ» ሆኗል። ድግግሞሹ ድርጊቱ አንዴ ተደርጎ እንደማያበቃ ይናገራል። ዘፍጥረት 17፥1 «በፊቴ ተመላለስ፥ ፍጹምም ሁን» በሚልበት ቦታ ዕብራይስጡ «ሂትሃሌኽ» ነው፤ «ሃላኽ» (ሄደ) ከሚለው ወጥቶ ወዲያ ወዲህ ማለትን ያመለክታል። ለሄኖክም (5፥24) የገባው ይኸው ግስ ነው፤ አማርኛው ግን እዚያ «አካሄዱን ከእግዚአብሔር ጋር ስላደረገ» ብሎ ፈታው። የገላትያ 5፥16 ግሪክም «ፔሪፓቴኦ» ነው፤ «ፔሪ» ዙሪያ፣ «ፓቴኦ» መርገጥ።

«ኑሩ» ቢባል ችግሩ ቁጥር 25 ላይ ይወጣል። እዚያ «ብንኖር» ራሱን የቻለ ሌላ ግስ (ዛኦ) ነው። ሁለቱን ካዋሐድናቸው «በመንፈስ ብንኖር በመንፈስ እንኑር» የሚል ባዶ ድግግሞሽ ይቀራል። ጳውሎስ የሚለው ሕይወቱን ካገኛችሁት ውሏችሁም ይምሰለው ነው። መኖር ሥሩ ነው፤ መመላለስ ውሎው፦ ከቤት ታክሲ፣ ከታክሲ ሥራ፣ ከሥራ ገበያ፣ ከገበያ ቤት።

ሰዋስው ወዳድ
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን አማርኛው ቁጥር 16ንና 25ን በአንድ ቃል ማሰሩ ዋጋ አስከፍሏል። ቁጥር 25 ላይ ያለው «ስቶይኬኦ» ነው፤ በተርታ መሄድ፣ እግርን ከፊተኛው እግር ጋር ማስተካከል። ሮሜ 4፥12 ላይ ይኸው ግስ ሲመጣ የእኛ ተርጓሚዎች የአብርሃምን እምነት «ፍለጋ» ስለሚከተሉ ሰዎች እንደሚናገር አድርገው አሳምረው አስቀምጠውታል። ዛሬ ፍለጋ ሲባል የጠፋን ነገር መፈለግ ብቻ ይመስለናል፤ የድሮው ትርጉም ዱካ ነው፣ የጠፋ ከብት በፍለጋው እንደሚገኘው። ስለዚህ ቁጥር 25ን «ፍለጋውን እንከተል» ብሎ መተርጎም ይቻል ነበር።

ከዚህ የሚበልጠው ግን አንዲት «ም» ናት። የ1954ቱ ቁጥር 16 እንዲህ ያበቃል፦ «የሥጋንም ምኞት ከቶ አትፈጽሙ»። ይህ ትእዛዝ ነው። አንባቢው ሁለት ትእዛዝ ይቀበላል፤ አንዱ ተመላለሱ፣ ሌላው አትፈጽሙ። ግሪኩ ግን «ኡ ሜ ቴሌሴቴ» ነው፤ ጽኑ አሉታ፣ በመንፈስ ከተመላለሳችሁ ከቶ «አትፈጽሙም» ማለት። ትእዛዙ አንድ፣ ውጤቱም አንድ። «ም» ስትጎድል ተስፋው ክልከላ ይሆናል። ብዙ አማኝ ቀኑን ሙሉ ምኞቱን ሲጠብቅና ሲቆጥር ውሎ የሚዝለው አንድም ከዚህ ንባብ ነው፤ ሁለተኛውን ሊፈጽም ሲታገል የመጀመሪያውን ይረሳዋል።

የቃል ልጅ
«ም»ዋን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። «መመራት»ስ? በየጉባኤው «ምሪት አለኝ» ሲባል ይሰማል።

ዋርካ ሥር
«ምሪት» በአማርኛ ሁለት ቤት አለው። በመንግሥት ቋንቋ «ቦታ ተመራ» ማለት የቤት መሥሪያ መሬት ተሰጠው ማለት ነው። አንድ ቀን ይሰጣል፣ በደብዳቤ ይረጋገጣል፣ አለቀ። የጉባኤው «ምሪት» ሳይታወቅ ወደዚህ ተጠግቷል፤ ለጋብቻ፣ ለሥራ ለውጥ፣ ለውጭ አገር ጉዞ ብቻ የሚጠየቅ ደብዳቤ ሆኗል። ሮሜ 8፥14 «በእግዚአብሔር መንፈስ የሚመሩ ሁሉ» ሲል ግን ግሱ ያላለቀ፣ የሚቀጥል ነው። ከፊቱ ያለው ቁጥር 13 ደግሞ የሰውነትን ሥራ በመንፈስ ስለ መግደል ይናገራል። ማንን ላግባ የሚል ጥያቄ በአካባቢው የለም። የምሪቱ ዋና መስክ ምላስ፣ ቁጣ፣ ገንዘብና ዓይን ነው።

ስለ አባባሉም አንድ ነገር። «ጌታ አለኝ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሰሚውን ከመመርመር ይከለክለዋል፤ ማን ጌታን ይሟገታል? 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥21 ግን «ሁሉን ፈትኑ፥ መልካሙንም ያዙ» ይላል። የሐዋርያት ሥራ 15 ላይም «እኛና መንፈስ ቅዱስ» የሚለው ውሳኔ የመጣው በቁጥር 7 ከተጻፈው «ብዙ ክርክር» በኋላ ነው። በትክክል መናገር የሚፈልግ «እንዲህ ይመስለኛል፣ መርምሩልኝ» ቢል ይበቃዋል። ቃሉ ይቀልላል፤ ስሕተት ቢሆንም የሚወድቀው የተናጋሪው ግምት ነው።

ብርሌ
«ተመስጦ»ንም ሰዎች ከዚህ ጋር ያምታቱታል። መሠጠ ነጠቀ ማለት ነው። ተመስጦ ከቦታ መነጠቅ ነው፤ መመላለስ በቦታው እየረገጡ መዋል። አንዱ ከሌላው አይገኝም ባልልም፣ በመንፈስ ለመዋል ተመስጦን የሚጠብቅ ሰው የተሳሳተ ፌርማታ ላይ ቆሟል።

እግረ መንገዴን፦ «ጥሞና» ነው «ጽሞና»?

ዘጎንደር
ሁለቱም ይጻፋል፤ ጾምና ጦም፣ ጸጉርና ጠጉር እንደሚባለው ነው። ትርጉሙ ጸጥ ብሎ ማድመጥ ነው። በወንጌላውያን ዘንድ «የጥሞና ጊዜ» የጧቱ የግል ንባብና ጸሎት ስም ሆኗል። በአሠራሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከመጠኑ ነው። ሦስት አራት ምዕራፍ የሚሮጥ ሰው አንድ ግስ ይዞ አይወጣም። ከ10 እስከ 15 ቁጥር ይበቃል፣ ሁለት ጊዜ። በመጀመሪያው ማን ለማን እንደሚናገር ይታያል፤ በሁለተኛው ግሶቹ ይለያሉ፣ ትእዛዝ ነው ወይስ ተስፋ (ያቺ «ም» ትዝ ትበል)። ከዚያ ከቀትር በፊት የሚደረግ አንድ ነገር በአንድ መስመር መጻፍ። 20 ደቂቃ ይሄዳል። ስልክ ቀድሞ ከተከፈተ ግን ጥሞናው ስሙ ብቻ ይቀራል። ሌላው ብልሽት መጽሐፉ ሲዘጋ ነገሩም እንደተዘጋ ማሰብ ነው።

ለዚህ የኦርቶዶክሱ ሥርዓት የተሻለ መድኃኒት አለው፤ ቀኑን ራሱን ያመላልሰዋል። ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ሠለስት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6፣ ተሰዓት 9፣ ሠርክ 11 ናቸው፤ ሠለስትና ተሰዓት እንዲያውም በግእዝ ቁጥሮቹ ራሳቸው ናቸው። ዳዊት ለሚደግምም 150ው መዝሙር በ15 «ንጉሥ» ተከፍሏል፣ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሦስት ሦስት፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሁለት ሁለት ይደርሳል፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልይ። «መድገም» የሚለውን ግስ አስተውሉት፤ የመመላለስ ወንድም ነው።

የቃል ልጅ
የመጨረሻ ጥያቄ፣ እንዳላሰለቻችሁ። በቁጥር 23 «የውሃት» የሚለው የመንፈስ ፍሬ ምንድን ነው? የዋህነት ከሆነ በዛሬ አማርኛ መታለል ማለት ሆኗል።

ሰዋስው ወዳድ
የድሮው «የዋህ» ለስላሳ፣ ቁጣው የበረደ ነው፤ በቀላሉ ይታለላል የሚለው ቆይቶ የተጨመረ ነው። አዲሱ መደበኛ ትርጉም «ገርነት» ማለቱ ይሻላል። «ገር» ከ«ገራ» ይመጣል፤ ገር በቅሎ ተገርታ ልጓም የለመደችዋ ናት። ጉልበቷ አልቀነሰም፤ ዳገቱን የምትወጣው በዚያው ጉልበት ነው፣ አቅጣጫውን ግን ለጋላቢው ትታለች። ግሪኩ «ፕራኡስ»ም ለተገራ እንስሳ ይነገር ነበር።

ዋርካ ሥር
እንግዲህ በቁጥር 18 «መመራት» የተባለውም እዚሁ ጋ ገባ። ያልተገራች በቅሎ አትመራም፣ ትጎተታለች።