ሻንካርፓሊና ጉላብ ጃሙን በቤት፦ የትኛው ጊ፣ የትኛው ዱቄት፣ የትኛው ፓኬት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ያለሁት ዱባይ ነው። ለሻይ የሚሆኑ የህንድ ጣፋጭ ጥብሶችን፣ በተለይ ሻንካርፓሊን፣ ቤት ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ። ምን ምን ልግዛ? ወይስ ያለቀለትን መግዛት ይሻላል? እህታችሁ ነኝ፣ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ሻንካርፓሊ በምዕራብ ህንዷ ማሃራሽትራ ግዛት ለዲዋሊ በዓል የሚጠበስ ነው፤ በሰሜን ህንድ ሻካርፓራ ይሉታል። ዳቦ ቆሎን በወተትና በጊ (በህንዶች ንጥር ቅቤ) አቡክተሽ ያጣፈጥሽው ያህል ነው። ጣዕሙን የሚሰጠው ጊው ስለሆነ ገንዘብሽን እሱ ላይ አውዪ፤ አሙል የሚባለው ምርት ጊ ይበቃሻል። ዱቄቱ ላይ አትጨነቂ፣ ማንኛውም ነጭ የፉርኖ ዱቄት ይሆናል። እርሾ ወይም ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበትን ግን ተዪው፤ ይነፋና ዘይት ይጠጣል።

ልኩ፦ ጊ፣ ወተትና ስኳር እያንዳንዳቸው ግማሽ ኩባያ፤ ዱቄት ሁለት ተኩል ኩባያ ገደማ፤ ስሚድ (ሻካራ የስንዴ ዱቄት) 2 የሾርባ ማንኪያ፤ የተፈጨ ሄል ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤ ቁንጥር ጨው። ጊውን፣ ወተቱንና ስኳሩን ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ አሙቂ፣ አይፍላ። ለብ ሲል ዱቄቱን ቀስ በቀስ ጨምሪ፤ ሊጡ ከእጅ ሲላቀቅ አቁሚ። ብዙ አታሺው፣ የታሸ ሊጥ ተጠብሶ ድንጋይ ይሆናል። ሸፍነሽ 20 ደቂቃ አሳርፊውና 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አድርገሽ ዳምጪ፣ ከዚያ በሰያፍ ቁረጪ።

ሌላ መልስ፦ ብዙ ሰው የሚበላሽበት ዘይቱ ላይ ነው። የሱፍ ዘይት በቂ ነው፤ ሙቀቱ ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ይሁን። መለኪያ ከሌለ ትንሽ ሊጥ ጣል አድርጊ፦ አረፋ እያወጣ ቀስ ብሎ ከተንሳፈፈ ደርሷል፤ ወዲያው ዘሎ ከቀላ በዝቷል። ውስጡ ስኳር ስላለ በኃይለኛ እሳት ላዩ ያርራል፣ መሃሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። በትንሽ በትንሹ እየጨመርሽ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ጥበሺ፤ ከምትፈልጊው ቀለም ትንሽ ፈካ ሲል አውጪው፣ ከወጣ በኋላም ይጠቁራል። የሚኮረሸመው ሲቀዘቅዝ ነው። ትኩሱን ከደንሽው ግን ላብ ያወጣና ይለሰልሳል።

ዘይቱ ውስጥ ከተበተነ ጊው በዝቷል፤ ቀሪው ሊጥ ላይ 2 ማንኪያ ዱቄት ጨምሪ። ሳይታሽም ከጠነከረ ጊው አንሷል። በጊ ፋንታ ቫናስፓቲ (በፋብሪካ የረጋ የአትክልት ዘይት) የሚመክሩ አሉ፣ ርካሽ ነው፣ ጥሩም ያኮረሽማል። ነገር ግን አፍ ላይ ሰም ሰም ይላል፤ ልብን የሚጎዳው የትራንስ ፋት ስብ ጉዳይም አለ፣ ለዚህ ነው ህንድ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ የወሰነችው። እኔ አልመክርሽም።

ሌላ መልስ፦ በላይኛው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጊ ስታጪ የኛን ንጥር ቅቤ እንዳትጨምሪ፤ ኮሰረቱና አብሹ ጣፋጩን ወጥ ወጥ ያሰኙታል። ለጋ ቅቤ ያለ ምንም ቅመም አንጥሪና ተጠቀሚ። ሄልንም ኮረሪማ አይተካውም፣ መዓዛቸው የተለያየ ነው።

ለሻንካርፓሊ የተዘጋጀ ፓኬት አያስፈልግሽም። ለጉላብ ጃሙን (ተጠብሶ ሽሮፕ ውስጥ ለሚነከረው የወተት ድቡልቡል) ግን የተዘጋጀ ዱቄት ፓኬት ድካም ይቀንሳል፤ የፑኔው ጊትስና የቤንጋሉሩ ኤምቲአር የሚባሉት ምርቶች ብዙም አይራራቁም። ጀርባውን አንብቢና የወተት ዱቄቱ የሚበዛበትን ውሰጂ። ሊጡን ለስላሳ አድርጊው፤ ስታድቦለብዪው ከተሰነጠቀ አንድ የሻይ ማንኪያ ወተት ጨምሪ፣ ስንጥቁ ዘይት ውስጥ ይከፈታልና። ዘይቱ ከሻንካርፓሊው ያነሰ፣ 140 ዲግሪ ገደማ ይሁን፤ እኩል እንዲቀላ ሳታቋርጪ አማስዪ። ሽሮፑ 2 ኩባያ ስኳር በ2 ኩባያ ውኃ፣ ሄልና ጥቂት የሎሚ ጠብታ፤ ሎሚው ስኳሩ እንዳይረጋ ያደርጋል። ትኩሱን ጃሙን ሞቅ ያለ ሽሮፕ ውስጥ ጨምሪና ቢያንስ 2 ሰዓት ተዪው። የወፈረ ሽሮፕ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ጃሙኑ ይጨማደዳል።

የታሸገ ሻካርፓራ ለመግዛት ከወሰንሽ በምን ዘይት እንደተጠበሰ ፓኬቱ ላይ እዪ፤ ብዙዎቹ በፓልም ዘይት ናቸው፣ በጊ ከተሠራው ጋር አይወዳደሩም። ዕቃው በሙሉ ማለት ይቻላል ሉሉ ሱፐርማርኬት ይገኛል፤ ለሄልና ለቅመም አል አዲል የሚባለውን መደብር እመርጣለሁ። ጃሌቢ (ተጠማዞ ተጠብሶ ሽሮፕ ውስጥ የሚነከር ጣፋጭ) ካማረሽ ግን ቤት አትልፊበት። ሊጡ መብላላት አለበት፣ አጠማዞ ማፍሰሱም እጅ ይጠይቃል፤ ሚና ባዛር አካባቢ እዚያው እየጠበሰ የሚሸጥ ሱቅ ፈልጊና በትኩሱ ብዪው።