ለሕመምተኛ ሕመሙን መደበቅ ይገባልን? «ዘ ፌርዌል» ያስነሣው ክርክር

አወያይ፦ እ.ኤ.አ. በ2019 የታየው የሉሉ ዋንግ ፊልም «ዘ ፌርዌል» እያሳቀ የሚያስለቅስ ነው። ቻንግቹን በተባለችው የቻይና ከተማ የሚኖሩ አያት ደረጃ 4 የሳንባ ካንሰር ይገኝባቸዋል፤ ቤተሰቡ ግን ለእርሳቸው ሳይነግር፣ ከአሜሪካና ከጃፓን ተሰባስቦ ለመሰናበት ሲል የልጅ ልጃቸውን ሠርግ ሰበብ ያደርጋል። መነሻው የዳይሬክተሯ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ቤተሰብ እንዲህ የማድረግ መብት አለውን?

የሲልቨር ስፕሪንጉ (በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር)፦ አለው። እኛም መርዶን በስልክ አንናገርም፤ እናቱ አገር ቤት ያረፉበት ሰው፣ ወዳጅ ዘመድ ተጠራርቶ ሊነጋጋ ሲል በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ እንዳይሰማ ይደረጋል። በፊልሙ ውስጥ አጎትየው የሚከራከረው፣ ሸክሙን ቤተሰቡ ይሸከምላቸው ብሎ ነው። አያቲቱ ራሳቸውም ባላቸው በታመሙ ጊዜ ያደረጉት ይህንኑ ስለ ነበር፣ በማያውቁት ሥርዓት አልተዳኙም።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ መርዶው እዚህ አይገጥምም። መርዶ የሚዘገየው ለሐዘንተኛው ሲባል ነው፤ ቢዘገይም መነገሩ አይቀርም። እዚህ የተደበቀው ግን የሕመምተኛዋ የራሳቸው ሞት ነው። በእኔ ሥራ ልጆች ኮሪደር ላይ ጠብቀው «እባክሽ እንዳትነግሪያቸው» ይሉኛል፤ ከዚያ እናትየው «ልጄ፣ ይህ መድኃኒት ለምንድን ነው?» ሲሉ የምዋሸው እኔ ነኝ። የንስሐ አባታቸውን አስጠርተው መቁረብ፣ ስለ ቤቱ መናዘዝ፣ የተቀየሙትን ዘመድ መታረቅ የሚፈልጉ እናት ጊዜ ያላቸው መስሏቸው ነገሩን ለፋሲካ ያሳድሩታል። ቤተሰቡ ሸክም ተሸከመልኝ የሚሉት፣ መሸከማቸውን ሲያውቁ አይደለምን?

ፊልም ተመልካች፦ ፊልሙ ወደ አንዱ ወገን አለማጋደሉን ወድጄለታለሁ። ኦክዋፊና የምትጫወታት የልጅ ልጅ፣ አያቷ አጠገቧ አልጋ ላይ ሆነው፣ በማይገባቸው በእንግሊዝኛ ሐኪሙን ስለ ውሸቱ ትጠይቀዋለች፤ እርሱም መልካም ውሸት ነው ይላታል። ያን ጊዜ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። በኋላ ግን የምርመራው ውጤት አያቲቱ እጅ ሳይገባ ለማስቀረት በከተማው ጎዳና የምትሮጠው ራሷ ናት። ማንም ሳያሳምናት ከውሸቱ ገባች።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ በፊልሙ መጨረሻ እንደ ተገለጸው ደግሞ እውነተኛዋ አያት ካንሰሩ ከታወቀ 6 ዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ።

ነርሷ፦ እሰየው! ነገር ግን ያኖራቸው አለማወቃቸው መሆኑን በምን አወቅን? ባለማወቅ የሞቱት ፊልም አልተሠራላቸውም። እኔ የምለው ሁሉም ይነገረው አይደለም፤ «የምርመራውን ውጤት ለማን እንንገር?» ተብሎ ባለቤቱ አስቀድሞ ይጠየቅ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ጥያቄው ራሱ መርዶ ነው። እናቴ እንዲህ ብትባል ያን ሌሊት አትተኛም።

ነርሷ፦ ውጤቱ ከመጣ በኋላ ከሆነ እውነትዎን ነው። ለጉንፋን የመጣውም ሆነ ለደም ግፊት የመጣው፣ ሁሉም ገና ካርድ ሲያወጣ የሚጠየቀው ከሆነ ግን ማን ይደነግጣል?